«ይቅር ብያለሁ» ማለት «ቅጣቱ ይቅርለት» ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከጅማ። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ሦስት ዓመት በቡና ለቀማ ወራት፣ ሂርማታ አካባቢ በጀንፈል ሚዛን በተነሣ ጠብ በዱላ ተመትቶ ሞተብን። ገዳዩ 13 ዓመት ተፈረደበት። እናቴ «የልጄ ዋጋ 13 ዓመት ነው?» እያለች እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ሰሞኑን የገዳዩ አባት ከሽማግሎች ጋር መጥተው የይቅርታ ማመልከቻው ላይ እንድንፈርም ለመኑን። እኔ አልፈርምም አልኩ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ይቅር ሳትዪማ እንዴት ትቆርቢያለሽ?» ይሉኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር የአክስቴ ልጅ አለ፤ «ወንጀለኛ የሚቀጣው ስለሚገባው ነው፤ አንድ ፈላስፋማ የደሴት ሰዎች አገራቸውን በትነው ሊሄዱ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ እስር ቤት የቀረውን የመጨረሻውን ነፍሰ ገዳይ ይቅጡ ብሏል» አለኝ። ስሰማው ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ፈራሁ። ሰውየው የሚገባውን ያግኝ ማለቴ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ የወንድምሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናትሽንም ያጽናልን። ጠላትን ስለ መውደድ፣ ስለ አቡነ ዘበሰማያት ትርጉም የምነግርሽ የለም፤ ታውቂዋለሽ። የምዘገየው ጎረቤቶችሽ በተናገሩት ላይ ነው። ይህን ነገር በየልቅሶ ቤቱ ስሰማው ኖሬአለሁ። የሚናገሩት ቅን ሰዎች ናቸው፣ ግን ስንቱን ሐዘንተኛ ከቅዱስ ቁርባን አርቀውታል መሰለሽ!

ነገሩን ያመጣብን በከፊል ቋንቋችን ነው። ልብሽ ቂሙን ሲጥል «ይቅርታ» እንላለን። መንግሥት ፍርደኛውን ቀኑ ሳይሞላ ሲለቀውም «ይቅርታ» እንላለን። አንዱ በአንቺና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ነው፤ ሌላው ፋይል አለው፣ ቦርድ አለው፣ ማኅተም አለው። ሽማግሎቹ በፊተኛው ስም እየለመኑ የኋለኛውን ይጠይቁሻል። አውቀው ነው አልልም፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው።

እኔም ተሳስቼበታለሁ። ገና ጎረምሳ ሰባኪ ሳለሁ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ቤት ለዕርቅ ከሽማግሎች ጋር ሄድኩ። ልጇ የተገደለባት አሮጊት ናት። ገዳዩ ታስሯል፤ ስለዚህ በእሱ ፈንታ አባቱ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። የወንዝ ድንጋይ ነበር፣ ገና እርጥብ፤ ውኃው በአንገታቸው ወርዶ የጋቢያቸውን ጥለት አርሶታል። ከደጅ አንዱ «ድንጋዩ ቀለለ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አሮጊቷ ተነሡ፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መሬት አኖሩትና «አንተ ምን አደረግህ? የሰው ድንጋይ ምን ያሸክምሃል? ልጅህ የራሱን እዚያው ይሸከም» አሏቸው። ከዚያ በርበሬ የሌለው የጾም ሽሮ አቀረቡላቸው፤ ሁለቱም አልበሉም። ሽማግሎቹ «ይቅር አላለችም» ብለው ተቆጥተው ወጡ። እኔም ከእነርሱ ብሼ፣ መጽሐፍ ገልጬ እናቴን የሚያህሉትን ሴት ገሠጽኳቸው። ልጁ ወህኒ ሳለ በየትንሣኤው ድፎ ዳቦ ይልኩለት እንደነበር የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ያች ሴት ያደረጉትን እስኪ ልብ በዪው። ያልበደለውን ሰው ሸክም አወረዱለት፤ የበደለውን ሸክም አላወረዱም። ሁለቱንም ያደረጉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ለማን ምን እንደሚገባ ስላወቁ። ሕዝቅኤል «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ አባትም የልጁን ኃጢአት አይሸከምም» ያለው (18፥20) ይኸው ነው። «የሚገባውን ያግኝ» የሚለው ቃል ጨካኝ መስሎ ይሰማል እንጂ አገራችንን ከደም መላሽ የሚጠብቃት እርሱ ነው። ደም መላሽ እኮ ለማን እንደሚገባው አይጠይቅም፤ ወንድሙን ያገኝ እንደሆነ ወንድሙን፣ የአጎቱን ልጅ ያገኝ እንደሆነ የአጎቱን ልጅ ነው የሚለው።

አሁን ወደ ፈላስፎቹ ልምጣ፤ የአክስትሽ ልጅ ከጠቀሳቸው አልሸሽም። የደሴቱን ነገር የጻፈው ካንት የሚባለው የጀርመን ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1797። እርሱ የሚለው፣ ሰው የሚቀጣው ስለበደለ ብቻ ነው፤ ለሌላ ጥቅም መሣሪያ ለማድረግ አይደለም። የደሴቱም ሰዎች ሳይቀጡ ከሄዱ የደሙ ዕዳ በሕዝቡ ላይ ይቀራል ብሎ ነው። ኦሪትን ላነበበ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ደም ምድሪቱን ያረክሳታል» ይላል ዘኁልቁ 35፥33። በተቃራኒው ወገን የእንግሊዙ ቤንታም አለ። ለእርሱ ቅጣት ሁሉ በራሱ ክፉ ነው፤ የሚፈቀደው የሚበልጥ ክፉ የሚያስቀር ሲሆን ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም አንቀጽ 1ን ብታነብቢ ዓላማው የሕዝብን ሰላም መጠበቅ፣ ወንጀልን መከላከል፣ ጥፋተኛው ዳግም እንዳያጠፋ ማድረግ፣ ለሌላው ማስተማሪያ ማድረግና ማረም ነው። ስለዚህ ነው ወህኒ ቤት የሚለውን ስም ትተን ማረሚያ ቤት የምንለው። መልካም ስም ነው፤ ሰው መታረሙን የሚጠላ ክርስቲያን የለም።

ነገር ግን «የሚገባው» የሚለውን ከሥር አውጥተን «የሚጠቅመው» በሚለው ብቻ ብንቆም ወዴት እንደምንወድቅ ወንጌል አሳይቶናል። ቀያፋ በሸንጎው መካከል ምን አለ? «ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ሊሞት ይሻላል» (ዮሐ. 11፥50)። በሒሳብ አንድ ከብዙ ያንሳል፤ ሮማውያን አይመጡብንም፣ አገር ሰላም ይሆናል። አንድ ጥያቄ ብቻ አልጠየቀም፤ «ይህ ሰው ምን አጠፋ?» አላለም። ወንጌላዊው በዚያ ቃል ውስጥ ቀያፋ ያላሰበውን ትንቢት አይቶበታል፤ ፍርዱ ግን ፍርድ አልነበረም። መቅጣት ሌላውን ለማስፈራራት ብቻ ከሆነ ንጹሑም ያገለግላል፤ ማን ያውቃል? ለማረም ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ጆንያ ቡና የሰረቀ ልጅ «ገና አልታረመም» እየተባለ እስኪያረጅ ሊቀመጥ ይችላል፤ መቼ እንደሚበቃው የሚወስን የለም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት አባቶቻችን ቤንታምን አላነበቡም፤ ግን በቅሎዋን የሚያስንቃቸው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ሄግል የተባለው ሌላው ጀርመናዊ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ተናግሯል፤ ቅጣት የወንጀለኛው መብት ነው፣ ስንቀጣው እንደሚያስብ ሰው እናከብረዋለን ይላል። እኔ በመጀመሪያ ስሰማው የፈላስፋ ቀልድ መሰለኝ። በኋላ ግን የፈያታዊ ዘየማን ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ላይ ቆም በዪልኝ።

በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ጓደኛውን ሲገሥጽ ምን አለ? «ስለ አደረግነውም የሚገባንን እንቀበላለንና በእኛስ እውነተኛ ፍርድ ነው» (ሉቃ. 23፥41)። ችንካሩ እጁ ላይ ሳለ ነው ይህን ያለው። «አስበኝ» ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ብዙ ጊዜ ስንሰብክ «አስበኝ» ከሚለው እንጀምራለን፤ እኔም እጀምር ነበር። ቅደም ተከተሉን ግን ተመልከቺ፦ መጀመሪያ «የሚገባን ነው» አለ፣ ከዚያ ምሕረት ለመነ። በግራ ያለው ደግሞ «ራስህንም እኛንም አድን» አለ፤ መውረድ ብቻ ነው የፈለገው። ጌታም ለቀኙ ገነትን ሰጠው፤ ከመስቀል ግን አላወረደውም። ወታደሮቹ ጭኑን ሰበሩት። ይቅርታውን አገኘ፣ ቅጣቱንም ጨረሰ፣ በአንድ ቀን። ዳዊትንም እንዲሁ፤ ናታን «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም» ባለበት አንደበት «ሰይፍ ከቤትህ አይርቅም» ብሎታል (2ኛ ሳሙ. 12)።

እንግዲህ ጎረቤቶችሽ «ይቅር ካልሽ ፈርሚ» ሲሉሽ የትኛውን ወንጌል ይዘው እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ቢሆንም ለአንቺም የምለው አለ፣ ጠንከር ብዬ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12፥19 «ራሳችሁ አትበቀሉ» ይልና፣ ወረድ ብሎ በምዕራፍ 13፥4 ባለሥልጣኑን «ክፉ አድራጊውን የሚበቀል የእግዚአብሔር አገልጋይ» ይለዋል። ከአንቺ እጅ የወሰደውን ለዳኛ ሰጠው እንጂ ነገሩ ከንቱ ነው አላለም። ስለዚህ በቀሉ ካንቺ እጅ ወጥቷል። ቀናቱን እየቆጠርሽ፣ «ዛሬስ ተርቦ ይሆን? ብርድ መታው ይሆን?» እያልሽ የምታድሪ ከሆነ፣ ለዳኛው የተሰጠውን መልሰሽ ወስደሻል። የፈላስፋውን ነገር ስትሰሚ ደስ ያለሽ ምኑ ነው? ፍርድ እውነት በመሆኑ ከሆነ አትፍሪ። የሰውየው ሥቃይ ጣፍጦሽ ከሆነ ግን «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» የተባለው (ምሳ. 24፥17) ላንቺ ነው፤ እርሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። መፍራትሽን ወድጄዋለሁ።

የሚገባውን ማለትም ጣሪያ አለው። ኦሪት ጥፋተኛው እንዲገረፍ ታዝዝና ከአርባ አይለፍ ትላለች፤ ለምን ቢሉ «ወንድምህ በፊትህ እንዳይናቅ» (ዘዳ. 25፥3)። እየተገረፈ ያለውን ሰው ወንድምህ ትለዋለች! ከጅራፉ በፊት ጥፋተኛው ነበር፣ ከጅራፉ በታች ወንድም ሆነ። ስለዚህ በእስሩ ላይ ዱላ፣ ረሃብ፣ ስድብ ይጨመርበት ማለት አንችልም። ልጆቹ በትምህርት ቤት «የነፍሰ ገዳይ ልጅ» እየተባሉ ከሆነ ይህም ከተፈረደበት ውጭ ነው፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ካለ አንቺ ዝም አስብዪ። ከሌላው ይልቅ ያንቺ ቃል ይሰማል።

እናትሽ «የልጄ ዋጋ 13 ዓመት ነው?» ላሉት፦ አይደለም። ይህን በሙሉ ልብ ንገሪያቸው። ጅማ ላይ ሁላችንም ሚዛን አይተን ያደግን ነን፤ በአንድ ወገን ጆንያው፣ በሌላው ብረቱ፣ ምላሱ ቀጥ እስኪል። የእናትሽ ልብም ወንድምሽን በአንድ ወገን አስቀምጦ በሌላው ዓመት ይደረድራል፤ 13 ቢሆን፣ 20 ቢሆን፣ ዕድሜ ልክ ቢሆን ምላሱ ቀጥ አይልም። ፈላስፎቹም እዚህ ላይ ሲደናገሩ ኖረዋል። ሕጉ ለእንዲህ ያለው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ሲል ነፍስን እየተመነ አይደለም። ከስርቆት ይበልጣል፣ አስቦና አድብቶ በጭካኔ ከመግደል ያንሳል እያለ በደልን ከበደል ጋር ያስተያያል። ዳኛውም በጠብ መካከል የተሰነዘረ ዱላ መሆኑን አይቶ ይሆናል። የወንድምሽ ዋጋ የተጻፈበት መዝገብ ሌላ ነው፣ በየቅዳሴው ስሙ ሲጠራ ትሰሚዋለሽ።

ወደ ወረቀቱ። ብትፈርሚ ኃጢአት አይደለም፣ ባትፈርሚም ኃጢአት አይደለም። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ፣ «የሚገባኝ ነው» ብሎ፣ ከልብ ተመልሶ ከሆነና ልብሽ ከፈቀደ ፈርሚ፤ ምሕረት ከሚገባው በላይ መስጠት ነውና ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም፣ የተገደደ ምሕረትም የለም። ካልፈረምሽም በሕጉ መሠረት ጠባዩ መልካም ከሆነ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለት 8 ዓመት ከ8 ወር ሲጨርስ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። ያን ቀን መንገድ ላይ ብታገኚው ምን እንደምትዪው ከአሁኑ ማሰብ ጀምሪ፤ ከፊርማው ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነው። ሽማግሎቹ ተመልሰው ሲመጡ አትሸሸጊ። «ቂሜን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፣ ወረቀቱን ግን ገና እያሰብኩበት ነው» በያቸው። እውነት ከሆነ ብቻ ነው እንዲህ የምትዪው፤ ካልሆነ «ልቤ ገና ነው፣ ጸልዩልኝ» ማለትም ያስከብራል።

የሰውየው አባትም ከእነርሱ ጋር የሚመጡ ከሆነ ወንበር ስጫቸው፤ ቡና ሲፈላም አቦሉን ለእርሳቸው አቅርቢ።