በሐምሌ ካሜራ ይዞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተራሮች

ሰላም እህት፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሐምሌ ላይ ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) ወንድምሽ ጋ ትመጫለሽ። በአንድ ሳምንት ገጠሩንና ተራራውን እያነሳሽ እስከ ኬፕታውን መንዳት አስበሻል። እዚህ አገር ስኖር ካሜራዬን ይዤ ብዙ ዞሬያለሁና እውነቱን ልንገርሽ፤ ኬፕታውንን ተዪው። 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩው ብርሃን ሁሌ መሪ ላይ እያለሽ ያመልጥሻል።

ይልቅ ፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር፣ ክላረንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ሂጂ። ከጆበርግ 4 ሰዓት ብትነጂ ነው። ከተማዋ ራሷ ጋለሪና ካፌ ስለሆነች ለኔ ብዙም ፎቶ የላትም። ቁም ነገሩ አጠገቧ ያለው የጎልደን ጌት ፓርክ ነው። ቢጫና ቀይ ሆኖ የምታዪው ገደል የጥንት በረሃ አሸዋ ተጠቅጥቆ የሆነ ድንጋይ ነው። ከላዩ ያለው ጥቁሩ ደግሞ በኋላ የፈሰሰ ላቫ ነው። ሁለቱ ቀለም አንድ ፎቶ ውስጥ ሲገቡ በጣም ያምራሉ።

አንድ ነገር ግን ያዢ። እዚህ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ዝቅ ብላ። ወደ ደቡብ የዞረ ገደል ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ገደሉ ወዴት እንደሚያይ ካርታ ላይ እዪ። ብራንድቫግ የሚባለውን ትልቅ ቋጥኝ ለማታ አቆዪው፤ ከ11 ሰዓት በፊት ደርሰሽ ጠብቂ። በሃሪስሚዝ ከተማ በኩል ወደ ድራከንስበርግ ተራሮች ከተሻገርሽ ግን አምፊቲያትር የሚባለው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድግዳ የጠዋት ነው። 1 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ስትወጣ ፊቱ ላይ ታርፋለች። የቱጌላን ፏፏቴ ብለሽ ከሆነ አትድከሚ፤ ወሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃው ቀጭን ነው።

ሐምሌ ሣሩ ወርቅ የሚመስልበት፣ አየሩም የጠራበት ጊዜ ነው። ጠዋት ውርጭ አለ። ብርዱ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ባትሪ ኪስሽ ውስጥ አድርጊው። ማታ ግን አትንጂ። መንገዱ ጉድጓድ ይበዛዋል፣ ከብትም ድንገት ይገባል።

ስለ ሰው ፎቶም ጠይቀሻል። ብርድ ልብስ የደረቡ ባሶቶዎችን (የአካባቢውን ሕዝብ) በየመንገዱ ታያለሽ። መጀመሪያ ሰላም በዪ፣ አስፈቅጂ፣ ከዚያ አንሺ። በነዚህ ከተሞች ሎኬሽን (ከከተማው ዳር ያለው የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ደግሞ የኛ የኢትዮጵያ ልጆች ሱቅ አላቸው። ጎራ በዪ፤ አማርኛ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፣ የትኛው ሰፈር ሲመሽ እንደማያስኬድም ይነግሩሻል። ካሜራውን ግን ቶሎ አታውጪ። በዘረፋ ስጋትም በመኖሪያ ወረቀት ጉዳይም ፊታቸው እንዲታይ የማይፈልጉ አሉ። ይህን በጣም አደራ እልሻለሁ። አንዳንዱ ራሱ "አንሺኝና ለእናቴ ልላክላት" ይልሻል። ያኔ ጊዜሽን ወስደሽ አሳምረሽ አንሺው፤ ፎቶውንም እዚያው ስልኩ ላይ ላኪለት፣ ሌላ ቦታ አትለጥፊው።

ሌንስ ከሁለት በላይ አትሸከሚ። አንድ ሰፊ፣ አንድ ረጅም ይበቃሻል። ረጅሙን አትርሺ፤ የጎረቤት አገር የሌሴቶ ተራሮች ተደራርበው ከሩቅ የሚታዩት በሱ ነው። ፓርኩ ውስጥ ግሌን ሪነን የሚባል ማረፊያ አለ፤ ለብራንድቫግ ቅርብ ነው። ሐምሌ የትምህርት ቤት እረፍት ስላለ ቶሎ ይሞላልና ቀኑን እንደቆረጥሽ ክፍል ያዢ።