ሮት ለምን ይሞላል? ረጅም ትራያትሎን ለሚያስቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ጀርመን አገር፣ ከኑረምበርግ ወደ ደቡብ ትንሽ እንደተሄደ፣ ሮት የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ 25,000 ገደማ ነው። በፈረንጆቹ ሐምሌ መጀመሪያ በምትውለው አንዲት እሑድ ግን በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ከ200,000 በላይ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ይቆማል። የሚያየው ትራያትሎን ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን፣ ሁሉም ባንድ ቀን። ከ3,000 የሚበልጥ ሰው ሦስቱንም ብቻውን ይሠራል። ኦንላይን የሚከፈተው ቦታ ደቂቃ ሳይሞላው ያልቃል።

ከጥቂቶቹ በቀር ሽልማት የሚያገኝ የለም፤ የመመዝገቢያውንም ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ታዲያ ምን ይስበዋል? በተለይ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ፣ እግራችሁ ሩጫ የለመደ፣ ጓደኛ ሲመዘገብ አይታችሁ ልባችሁ የተነሳሳ ወጣቶች፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መልሱን እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ሰውን ወደ አንድ ውድድር የሚስቡት ነገሮች ሁሉ እኩል ደግ አይደሉምና።

ነገሩ የተጀመረው በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሃዋይ ውስጥ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ነው። ጆን እና ጁዲ ኮሊንስ የሚባሉ ባልና ሚስት በደሴቲቱ ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩትን የዋና፣ የብስክሌትና የማራቶን ርቀቶች ባንድ ቀን አገጣጠሟቸው። 15 ሰው ተነሳ፣ 12ቱ ጨረሱ፤ ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። ያን ጊዜ የውሃ ጣቢያ የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ረዳት ይዞ ነበር የሚመጣው። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ረዳቶቹ ውሃ ቢያልቅባቸው ቢራ ነው የሰጡት።

ሰፊው ሕዝብ ውድድሩን ያወቀው ግን በ1982 ነው። ጁሊ ሞስ የምትባል የ23 ዓመት ተማሪ ማራቶኑን ከሴቶቹ እየመራች መድረሻው አጠገብ ጉልበቷ ከዳት። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አንደኛ ወጣች፤ ሞስ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች 29 ሰከንድ ዘግይታ መስመሩን ነካች። ይህ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። ተመልካቹ ሁለተኛዋን እንጂ አንደኛዋን ብዙም አላስታወሰም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህ ስፖርት ትልቁ ቃል «አሸነፈ» ሳይሆን «ጨረሰ» ሆነ። አይረንማን በሚባሉት፣ ከዚያ ከሃዋዩ በተወለዱት ውድድሮች የተለመደው የጊዜ ገደብ 17 ሰዓት መሆኑን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እዩት። ዋናው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ብስክሌቱ ሲደመር 10 ሰዓት ተኩል። ይህ ገደብ ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው አንድ ዓመት በሥርዓት ቢዘጋጅ ሊደርስበት የሚችል ነው። የአገራችን ማራቶን ሯጭ የለመደው ሌላ ነው፤ እኛ ዘንድ ያልቀደመ እንዳልሮጠ ይቆጠራል። ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር ይህን ልማድ በ10 ኪሎ ሜትር ሰበረው፤ ትራያትሎን ያንኑ ነገር በሙሉ ቀን ያደርገዋል።

ሮት ከሌሎቹ በምን ተለየች? መጀመሪያ ነገር ፈጣን ናት። ዋናው የሚደረገው ሂልፖልትሽታይን አጠገብ በሚያልፈው የማይን–ዳኑብ ቦይ ውስጥ ነው። ማዕበል የለም፣ ግራና ቀኝ ዳርቻው ይታያል፣ አቅጣጫ የሚያስት ነገር የለም። ብስክሌቱ ሁለት ዙር ነው፤ ዳገት አለው፣ አስፋልቱ ግን ልስልስ ነው። በ1996 ሎታር ሌደር ይህን ርቀት ከ8 ሰዓት በታች ለመጀመሪያ ጊዜ የጨረሰው እዚሁ ነው። በ2024 ማግኑስ ዲትሌቭ በ7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ፣ አኔ ሃውግ ደግሞ በ8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ገቡበት። ተራው ተወዳዳሪ በዚያው አስፋልት ላይ በዚያው ቀን እንደሚነዳ ሲያስብ የሚሰማውን ስሜት አልንቅም፤ እውነተኛ ነው።

ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ ሮትን የሚሞላው ፍጥነቱ ሳይሆን የአካባቢው ሰው ነው። 7,500 ያህል በጎ ፈቃደኛ ይሰለፋል። የመንደር ስፖርት ክለቡ፣ የእሳት አደጋ ጓዱ፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ። የሮት ውድድርም እስከ 2001 የአይረንማንን ስም ይዞ ነበር፤ ስሙ ሲለየው ብዙዎች ውድድሩ ይሞታል ብለው ነበር። በ2002 ቻሌንጅ ሮት ተብሎ ቀጠለ፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ውሃ የሚያቀብለው እጅ አልተለወጠም።

ሌላ የመሳቢያ ዓይነት ደግሞ አለ። ኖርዌይ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደው ኖርስማን ተወዳዳሪዎቹን ገና ሳይነጋ ከጀልባ ላይ ወደ ቀዝቃዛው የሃርዳንገር ፊዮርድ ያስዘልላቸዋል፤ ማራቶኑ የሚያልቀው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጋውስታቶፔን ተራራ ጫፍ ነው። ጫፉ ድረስ የሚፈቀድላቸው የመጀመሪያዎቹ 160 ጥቁር ካናቴራ ያገኛሉ፤ የቀሩት ነጭ። መግቢያው በዕጣ ነው። እዚህ የሚስበው የቦታው ማነስና የካናቴራው ቀለም ነው።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ልንገራችሁ። «ቦታው ሊያልቅ ነው» የሚለው ችኮላ ለመመዝገብ ከሁሉ የከፋ ምክንያት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተወሰነ ውሳኔ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ከ8 እስከ 15 ሰዓት ያስከፍላል። ሕዝቡ፣ የመንገዱ ጥራት፣ የጊዜ ገደቡ ከስቧችሁ ግን ምርጫችሁ መሠረት አለው።

አሁን ወደ ሥራው። የእኛ ልጆች ትልቁ ችግር ዋና ነው፤ በልጅነት ገንዳ ያገኘ ጥቂት ስለሆነ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። 100 ሜትር በ2 ደቂቃ ተኩል የምትዋኙ ከሆነ 3.8 ኪሎ ሜትሩን በ95 ደቂቃ ትጨርሳላችሁ፤ ይህ ይበቃል። በ3 ደቂቃ ተኩል ከሆነ 133 ደቂቃ ነው፣ የ2 ሰዓት ከ20ው ገደብ አናት ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ መነጽር ቢወልቅ ወይም ሰው ቢረግጣችሁ ያ ትርፍ ያልቃል። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ከአሠልጣኝ ጋር ሆኖ ዓመት ያህል ቢመድብ አይበዛበትም። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ደረቅ ስለሚሆን እግሩ እንደ መልሕቅ ወደ ታች ይጎትታል፤ እግር በማራገብ ብዛት አይስተካከልም፣ ጭንቅላትን ዝቅ አድርጎ ዓይንን ወደ ታች በማድረግ ነው። የጎማው የዋና ልብስ (ዌትሱት) ሰውነትን ስለሚያንሳፍፍ በጣም ይረዳል፤ ለአማተሮች የውሃው ሙቀት እስከ 24.5 ዲግሪ ድረስ ይፈቀዳል። ስትለብሱት ከቁርጭምጭሚት ጀምራችሁ እየሳባችሁ ወደ ላይ አምጡት። ወገብ ላይ ተርፎ ትከሻ ላይ ከተወጠረ ክንዳችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይዝላል። ጥፍር ልብሱን ስለሚቀድ ስስ ጓንት አድርጉ፤ አንገት ላይ ለዌትሱት የሚስማማ ቅባት ካልተቀባ ቆዳ ይላጣል።

ብስክሌት ላይ ገንዘብ የሚያባክን ብዙ ነው። በልክ የተስተካከለ ደህና ኮርሳ ከውድ የትራያትሎን ብስክሌት ይሻላል። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ቀልጣፋ መስሎት ጠርዙ ጥልቅ የሆነ ጎማ ይከራያል። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ተመልከቱ። የጠርዙ ጥልቀት 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመለዋወጫው የውስጥ ጎማ መንፊያ አፍ 80 ሚሊ ሜትር ያህል መርዘም አለበት። በቦርሳችሁ ያለው የተለመደው 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ አፉ ጠርዙ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፖምፓው የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ 90ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ ጎማ በእጃችሁ ይዛችሁ ቀኑ ያበቃል። ከቤት ሳትወጡ አውጡና ለኩ። ደግሞም ብስክሌቱን ከዋዜማው ስታስረክቡ ጎማውን እስከ ጥግ አትንፉት። ፀሐይ ውስጡ ያለውን አየር ታሰፋዋለች፣ ማቆያው ውስጥ የሚፈነዳ አለ። ጠዋት በድጋሚ ንፉት።

ሂልፖልትሽታይን ውስጥ ሶላረር በርግ የሚባል ዳገት አለ። ሕዝቡ መንገዱን ግራና ቀኝ አጥብቦት አንድ ብስክሌት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፤ ጩኸቱ ደረት ውስጥ ይሰማል። ብዙዎች ሮትን የሚመርጡት ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ማራቶናቸውን የሚያበላሹትም እዚያው ነው። ሰው ሲጮኽላችሁ ሳታውቁት ትገፋላችሁ፣ የልብ ምት ይዘላል። ለ180 ኪሎ ሜትር ተገቢው ልክ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መግፋት ከምትችሉት ኃይል 70 በመቶ ገደማ ነው። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አቅልሉ፣ ተቀምጣችሁ ውጡ፣ ፈገግ በሉላቸው፣ ኃይል ግን አትጨምሩ። በተረፈው መንገድ ከፊታችሁ ካለው ጋር 12 ሜትር ጠብቁ፤ ከሰው ጀርባ ተጠግቶ መንዳት ቅጣት አለው።

ምግብ ሌላው የሚያስቀር ነገር ነው። ብስክሌቱ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። 6 ሰዓት ለሚወስድበት በ75 ግራም ስናሰላው 450 ግራም ይሆናል። አንጀት ግሉኮስን ብቻውን በሰዓት 60 ግራም ገደማ ነው የሚያሳልፈው፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ፍሩክቶስ የተቀላቀለበት ይሁን፣ እርሱ የሚገባው በሌላ በር ነው። ጄል በወፍራም መጠጥ ካወራረዳችሁት ሆድ ውሃውን ከሰውነት ወደ ራሱ ይስባል፣ ይነፋል፣ ማራቶኑ ላይ ትውከት ይመጣል። ጄል በንጹሕ ውሃ። በሶ የሯጭ ምግብ መሆኑን አውቃለሁ፣ ለልምምድ ማግስት ተወዳዳሪ የለውም፤ በውድድሩ ቀን ግን አሰሩ ከሆድ ቶሎ ስለማይወጣ ተዉት።

ማራቶኑ ላይ የእኛ ሰው ስህተት አንድ ነው። እግሩ ከኮርቻ ሲወርድ የለመደውን ፍጥነት ያገኛል፣ ብዙ ሰው ያልፋል፣ ደስ ይለዋል፤ ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ይራመዳል። ማራቶን በ3 ሰዓት የሚጨርስ ሰው እዚህ በ3 ሰዓት ተኩል ቢገባ ጥሩ ሠርቷል። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር ከታሰበው በኪሎ ሜትር 15 ሰከንድ ዘግየት ብላችሁ ሩጡት።

መዋኘት ለማትችሉና ልባችሁ ሮት ላይ ላረፈ ጥሩ በር አለ። በዱላ ቅብብሉ አንዱ ይዋኛል፣ አንዱ ብስክሌቱን ይነዳል፣ እናንተ ማራቶኑን ትሮጣላችሁ። ዱላው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር የሰዓት መያዣ ቺፕ ነው። ሯጩ ተራው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ነው፤ የጠዋት ቁርስ ብቻውን አያደርስም፣ ከመሮጣችሁ ሦስት ሰዓት በፊት ነጭ ሩዝ ወይም ዳቦ ድገሙ። ሰዓቱን አስልታችሁ ቀድማችሁ መለዋወጫው ቦታ ላይ ቁሙ። ብስክሌተኛው ደርሶ ሯጩ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ላይ የሚገኝበት ጊዜ በየዓመቱ አለ።

ከዚህም በፊት አንድ ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት ሂዱ። ማራቶኑ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይሰጧችኋል። ኩባያውን ግማሽ ብቻ ሙሉት፣ ከላይ ከከንፈሩ ያዙት፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ «ውሃ» ወይም «ኮላ» ብላችሁ ጩኹ፣ ሯጩ ሲይዘው ሁለት እርምጃ አብራችሁት ሂዱ፤ አለዚያ ይፈሳል። ጠዋት የሚያልፉት አያዩአችሁም። አመሻሽ ላይ የሚመጡት ቆመው ይጠጣሉ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቀረኝ ይላሉ፤ ቁጥሩን በትክክል ንገሯቸው። ጠረጴዛው ሲነሳ ወደ መድረሻው ስታዲየም ሂዱና ርችቱ እስኪተኮስ ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምዝገባው እንነጋገራለን።