ብሬስ ካስፈታች በኋላ ጥርሷ ለተጣመመባት እህት

እህቴ፣ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካስፈታሽ 8 ወር ሆኖሻል፤ የታች የፊት ጥርስሽ እየተደራረበ ነው፣ መንጋጋሽም ጆሮሽ ሥር ቀጭ ይላል። «ድጋሚ ላሳስር ወይ?» ላልሽው፣ አሁን አታሳስሪ። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ «በአንድ ብሬስ ሁለቱንም አስተካክልልሻለሁ» የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን ያዢ።

1ኛ፦ ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቆመሽ ሪቴይነርሽን፣ ማለትም ብሬስ ከተፈታ በኋላ ጥርሱን ባለበት የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ አድርጊው። ቢጠብቅሽም እስከ ጥርሱ ጫፍ ከገባ አልረፈደም። ከምግብና ከብሩሽ ሰዓት በቀር ቀንም ሌሊትም አድርጊው፣ በጥቂት ቀን ይላላል። በፕላስቲኩና በጥርሱ ጫፍ መሀል ክፍተት ከታየሽ ግን ነክሰሽ አታስገቢው፣ ይሰነጠቃል። ለአዲስ ሪቴይነር ቶሎ ልክ አስወስጂ፤ ማስተካከሉ ይደርሳል፣ ጥርሱን ባለበት ማቆም ይቀድማል። ልክ መውሰድ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ስለሚችል፣ ለዚህ ብለሽ ከአዳማ አዲስ አበባ አትመላለሺ። ብሬሱ ሲፈታ የተሠራ የጀሶ ሞዴል ካለ ግን ያሰረልሽን ክሊኒክ ጠይቂ።

«ስድስት ወር ካደረግሽው ይበቃል» የምትለዋ ምክር ብዙ ሰው አስለቅሳለች። የድድ ጅማቶች እንደ ላስቲክ ተለጥጠው ስለሚቆዩ እስኪረጋጉ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ከዚያም በኋላ የታች የፊት ጥርስ ብሬስ አስሮ በማያውቅ ሰው ላይ እንኳ በዕድሜ ይደራረባል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ሪቴይነር ማድረግ ማብቂያ የለውም። ለዚህ ብሎ የመጨረሻውን የኋላ መንጋጋ ጥርስ ሊነቅልልሽ የሚነሳ ካለ አትስማሚ።

ሪቴይነርሽ ከጥርስሽ ጀርባ የተለጠፈ ሽቦ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ 6 ጥርስ ይይዛል። ክፋቱ፣ ከአንዱ ጥርስ ብቻ ሲለቅ ሽቦው ቦታው ላይ ስለሚቆይ አይታወቅም፤ ጥርሱ ግን ቀስ እያለ ይዞራል። እያንዳንዷን ማጣበቂያ በጥፍርሽ ጫፍ ፈትሺ።

ፕላስቲኩን በፈላ ውሃ አትጠቢው፣ በአዳማ ሙቀትም የቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው፤ ይጣመማል። ምግብ ቤት በሶፍት ጠቅልለሽ ካስቀመጥሽው ደግሞ አስተናጋጁ ከጥብሱ አጥንት ጋር ጠርጎ ይወስደዋል።

2ኛ፦ መንጋጋው። ቀጭ የሚለው በመገጣጠሚያው መሀል ያለችው ትራስ ሸርተት ብላ ስትመለስ ነው። ሕመም ከሌለው ሕክምና አይፈልግም። ሦስት ጣትሽን ደራርበሽ በቁመት ወደ አፍሽ አስገቢ፤ ከገባ ደህና ነው። ቀጭታው ድንገት ጠፍቶ አፍሽ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ካለ ግን ትራሷ ሳትመለስ ቀርታ ይሆናል፤ በዚያው ሳምንት ታዪ።

ካመመሽ ለሁለት ሳምንት ሽሮ፣ ገንፎ፣ አጥሚት ይሁን። ቆሎ፣ ማስቲካ፣ የወንጂ ሸንኮራ ይቅር፤ ጫት በአንድ ጉንጭ መያዝማ ዋናው ጠላት ነው። በሞቀ ውሃ የተጨመቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀን ሁለት ሦስቴ ያዢበት። ስታዛጊ አገጭሽን በእጅሽ ደግፊ። ሥራ ላይ ስትሆኚ ከንፈርሽ ይገጠም፣ ጥርስ ከጥርስ ግን አይንካ።

ሌሊት ጥርስሽን የምታፋጪ ከሆነ በልክሽ የተሠራ፣ ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን ጠንካራ የአክሪሊክ መከላከያ አሠሪ። የፊቱን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ የኋላ ጥርሶች ተነስተው የፊቱ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ይሄው መከላከያ የላዩን ጥርስ እንደ ሪቴይነር እንዲይዝም አድርገው እንዲሠሩልሽ ንገሪያቸው፤ ሁለት ጊዜ አትከፍዪም። «ንክሻሽን ላስተካክል» ብሎ ጥርስሽን ሊሞርድ የሚነሳ ሐኪም ካጋጠመሽ ከወንበሩ ተነሺ፤ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።