ውሻችሁ ጠባዩ ሲለወጥ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ውሻ የሚያሳድገው ወጣት በዝቷል፤ ደስ ይላል። እኔ በእንስሳት ሕክምና ያረጀሁ ሰው ነኝ። "ጋሼ፣ ውሻዬ ተናካሽ ሆነብኝ፣ አሰልጣኝ ይፈልጉልኝ" ስትሉኝ መጀመሪያ የማየው ጆሮውን ነው። ገለጥ ሳደርገው ብዙ ጊዜ ውስጡ ቀልቷል፣ ጥቁር እድፍ ይዟል፣ ይሸታል። ልጁ ጭንቅላቱን ሲደባብሰው እያመመው ነው የነከሰው። የተሰበረ ጥርስና የወገብ ሕመምም እንደዚሁ ውሻን ቁጡ ያደርጋሉ። ይሄን ምን አሰልጣኝ ይፈታዋል?

ጤነኛ ከሆነ አኗኗሩን እዩ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ሌሊት በዚያ ውርጭ ደጅ የሚያድር ውሻ ሰው ሁሉ ጠላቱ ቢመስለው ምን ይገርማል! ቡችላን ጨለማ ጓዳ ዘግቶ ማሳደግ ኃይለኛ ያደርገዋል የሚሉትንም አትስሙ። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3 ወር ገደማ ያላየውንና ያልለመደውን ነገር ሲያድግ ይፈራዋል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ዘመድ ከሌባ አይለይም።

ሲያጉረመርም አትምቱት፤ "ተዉኝ" ማለቱ ነው። ማጉረምረሙን በዱላ ካስተዋችሁት በሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

"ትታችሁት ሂዱ፣ በሳምንት ልክ አስገባዋለሁ" የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ እለፉት። ጎበዙ ጥያቄ ያበዛል፤ የት ያድራል፣ ማንን ነከሰ፣ ያኔ ምን እየተደረገ ነበር? ከዚያ በአብዛኛው የሚያሰለጥነው እናንተኑ ነው። ለምሳሌ ተቀመጥ ብላችሁት ሲቀመጥ ቁራሽ ሥጋዋን ወዲያው መስጠት አለባችሁ፤ ትንሽ ከዘገያችሁ ተነስቶ ሲዘል ታገኘዋለችና የሚማረው መዝለልን ነው።

ድንገት ጠባዩ ተለውጦ ምራቁ ከተዝረበረበና መዋጥ ካቃተው ግን ሥልጠና የሚባል ነገር የለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አትንኩት፣ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡለት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ክትባቱን ግን እንዳይተው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል።

መንዝ ጓሳ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ውሾቻችሁን አስከትቡ፣ ጓሳው ውስጥም አትልቀቋቸው። በሽታው ከቤት ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይሄዳል፤ ባሌ ላይ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል።