ስክሪፕቱን ሳታነቢ አትፈርሚ

ጥያቄ፦ «ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ነው የምማረው፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰሞኑን አንድ ፕሮዲውሰር በመሪ ተዋናይትነት እንድሠራ ጠየቀኝ። ስክሪፕቱን ልየው ስለው ‹መጀመሪያ ፈርሚ፤ ጀማሪ ቅድመ ሁኔታ አያበዛም› አለኝ። የመሳሳም ትዕይንት እንዳለው ከሰው ሰምቻለሁ፤ እኔ ደግሞ አልፈልግም። እምቢ ካልኩ ዕድሌ ያመልጠኛል? የቱርክ ተዋናይቶችስ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቱርክ ካነሳሽው አይቀር ከእዚያው ልጀምር። አንቺን የገጠመሽን ነገር እዚያ አገር በደንብ የምታውቀው አንዲት ሴት አለች። ቱርካን ሾራይ ትባላለች።

ቱርካን በ1945 ኢስታንቡል ተወለደች። የቱርክን ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። የመጀመሪያ ፊልሟን በ1960፣ ገና በ15 ዓመቷ ሠራች። በ1964 የአንታሊያ ወርቃማ ብርቱካን የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ምርጥ ተዋናይት ተባለች። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1994ም ያንኑ ሽልማት ወስዳለች። ከ200 በላይ ፊልም ሠርታለች። ቱርኮች «ሱልጣን» ነው የሚሏት።

አንቺ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ውሏን ነው። በ1960ዎቹ ከፕሮዲውሰሮች ጋር ስትዋዋል የራሷን ደንብ ታስቀምጥ ነበር። ስክሪፕቱ ከቀረጻው በፊት ይድረሰኝ። ካልወደድኩት ይስተካከል። አልሳሳምም፤ ራቁቴንም አልታይም። እሁድ አልሠራም። ሰዉ «የሾራይ ሕጎች» አለው፤ ዛሬም ድረስ በዚሁ ስም ይነሳል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። እነዚህን ሕጎች ያወጣችው ኮከብ ከሆነች በኋላ ነው። ያኔ የቱርክ ፊልም በአብዛኛው የሚሠራው የየአካባቢው አከፋፋዮች አስቀድመው በሚሰጡት ገንዘብ ነበር። እነሱ ደግሞ ኪሳቸውን የሚፈቱት ማን እንደሚተውን አይተው ነው። ሾራይ እምቢ ካለች ገንዘቡም አይመጣም። አንቺ ዛሬ ይህ ጉልበት የለሽም። ስለዚህ ሁሉንም ሕጎቿን ይዘሽ አትሂጂ። እሁድ ሥራ ካሉሽ ሥሪ። አብሮሽ የሚተውነውንም እነሱ ይምረጡ። ሁለት ነገር ግን አትልቀቂ፤ ስክሪፕቱን ማንበብና የሰውነትሽን ወሰን። እነዚህን ለመጠየቅ ኮከብ መሆን አያስፈልግም።

«ዕድሌ ያመልጠኛል» ብለሽ መፍራትሽ ይገባኛል። የሾራይም ዘመን ቀላል አልነበረም። በ1970ዎቹ ቴሌቪዥን ቤት ለቤት ሲገባ ቤተሰብ ሲኒማ መሄዱን እየተወ መጣ። ብዙ ፕሮዲውሰሮች ወንድ ተመልካች ለመሳብ ወሲብ ቀመስ ፊልም መሥራት ጀመሩ። ፊልሙን ትተው ወደ ሙዚቃ መድረክ የሄዱ ታዋቂ ተዋንያን ነበሩ። ሾራይ በዚያ መንገድ አልሄደችም። በ1972 «ዶኑሽ» የተባለውን ፊልም ራሷ ዳይሬክት አደረገች። በዚያው አሥርት መጨረሻ ደግሞ በኪርጊዙ ደራሲ በቺንጊዝ አይትማቶቭ ድርሰት ላይ የተመሠረተውን «ሴልቪ ቦይሉም አል ያዝማሊም» ሠራች። ይህን ፊልም ፈልገሽ እዪው። የአስያን ገጸ ባሕርይ ነው የምትጫወተው። መጨረሻ ላይ በሁለት ወንዶች መሃል ቆማ ስትወስን ፊቷን አጥኚው። አንዲት ቃል ሳይወጣት ስንት ነገር እንደሚያልፍባት ታያለሽ። የትወና ተማሪ ለሆነ ሰው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ደግሞ ያንን «አልሳሳምም» የሚለውን ሕግ ሾራይ ራሷ ሽራዋለች። በ1982 አቲፍ ዪልማዝ ባዘጋጀው «ሚኔ» ላይ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሚስት ሆና ተወነች። ፍቅር በሌለው ትዳር ውስጥ የታሰረች ሴት ታሪክ ነው፤ በዚህ ፊልም የድሮ ክልከላዎቿን ተወቻቸው። ይህን ስታደርግ ከ20 ዓመት በላይ ሠርታለች። ታሪኩን አውቃ ፈቀደች። አንቺን ግን ሳታዪ ፍቀጂ ነው ያሉሽ። እኔ ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

የዛሬዎቹን የቱርክ ተዋናይቶች ኑሮም ከስክሪን ላይ ብቻ አትገምቺ። እኛ ቤት በአጭር በአጭሩ ተከፋፍሎ የሚታየው ድራማ እዚያ በሳምንት አንዴ ነው የሚተላለፈው። አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያልፋል። ያንን በየሳምንቱ ለማድረስ ሌት ተቀን ይቀረጻል። በ2010 ባለሙያዎቹ ይህን ተቃውመው አደባባይ ወጥተዋል፤ በ2011 ደግሞ የተዋንያን የሠራተኛ ማኅበር ተቋቁሟል።

ስለ እንጀራሽም ላስብልሽ። በሾራይ ዘመን ፊልም የሚቀረጸው ያለ ድምፅ ነበር። ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ድምፅ። እሷንም ለዓመታት ሌሎች ሴቶች ናቸው በድምፅ የተኳት፤ አንዷ አዳሌት ጂምጆዝ ናት። ቃና ቴሌቪዥን በፈረንጆቹ 2016 ከጀመረ ወዲህ ይህ ሙያ አዲስ አበባም ውስጥ ሥራ ሆኗል። ቲያትር ተምረሻል፤ ትንፋሽሽንና ድምፅሽን መቆጣጠር ታውቂያለሽ። አንድ ገጽ ንግግር በስልክሽ ቅጂና የድምፅ ትወና ፈተና ሲኖር ተፈተኚ። ሌላ ገቢ ያለው ሰው ፕሮዲውሰር ፊት ሲቀመጥ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

አሁን ወደ ውሉ። በቃል የተባለ ነገር ቀረጻው ሲጀመር ይረሳል፤ ስለዚህ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ስንት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ መቼ መቼ እንደሚሰጥሽ ይጻፍ። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወርዶ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን አንቺ ምን እንደምታገኚ ወይም እንደማታገኚ ይጻፍ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለተዋንያንም መብት ይሰጣል። ከመፈረምሽ በፊት የሕግ ሰው ቢያነብልሽ ደስ ይለኛል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡበት ማዕከል ስለሚኖራቸው እዚያው ግቢሽ ጠይቂ።

ፕሮዲውሰሩን በትሕትና መልሺለት፦ «ሥራውን እፈልገዋለሁ። ስክሪፕቱን ሦስት ቀን ስጡኝና አንብቤ መልስ እሰጣለሁ።» ከሰጠሽ አንብቢው፤ የመሳሳሙ ትዕይንት ካለ ታሪኩ ሳይጎዳ በሌላ መንገድ ይቀረጽ እንደሆነ ዳይሬክተሩን ጠይቂ፤ የተስማማችሁበትንም ውሉ ላይ አስጽፊ። አልሰጥም ካለሽ ግን አትፈርሚ።