«ጥጉ ብቻ ነው የረጠበው» ስለተባለ ካራቫን

ጥያቄ፦ የምኖረው ሊድስ ነው። ባለአራት መኝታ የ2008 ካራቫን (በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ቤት) ከግለሰብ በ4,500 ፓውንድ ላገኝ ነው። ሻጩ «የፊት ቀኝ ጥጉ ላይ ብቻ የእርጥበት መለኪያው 22 በመቶ ይላል፤ ሲሊኮን ይበቃዋል» ብሎኛል። ጎማዎቹ ያልተበሉ ናቸው። መኪናዬ ባዶውን 1,480 ኪሎ፣ ካራቫኑ ከነጭነቱ 1,350 ኪሎ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ በዚህ ዋጋ አይግዙት፤ ግን ገና ተስፋ አይቁረጡበት። ዋጋውን የሚወስነው ያ ጥግ ነው።

የዚያ ዘመን ካራቫን አብዛኛው በቀጭን የእንጨት ፍሬም ላይ የተሠራ ነው፦ ከውጭ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ መሃል ላይ ፎም፣ ከውስጥ ወረቀት የተለበጠ ስስ ፕላይውድ። ቆርቆሮዎቹ ጥግ ላይ የሚገናኙበት መስመር በአሉሚኒየም ሐዲድ ተሸፍኖ በረድፍ ብሎን ተይዟል። ከሐዲዱ ሥር ያለው ማስቲክ (ውሃ እንዳይገባ የሚደፍነው ማጣበቂያ) በዓመታት ውስጥ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ውሃውም በብሎኖቹ ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን ይዞ ወደታች ይወርዳል። ስለዚህ መስኮት ሥር የታየው እርጥበት መግቢያው ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲሊኮን መቀባት ውሃውን ከበሰበሰው እንጨት ጋር አብሮ መቅበር ነው። ይባስ ብሎ ሲሊኮን ከተቀባበት በኋላ ትክክለኛው ማስቲክ እንኳ በደንብ አይይዝም፤ ሐዲዱ ላይ የሚያብለጨልጭ የሲሊኮን መስመር ካዩ ቀደም ሲል ያፈሰሰ እንደነበር ይጠርጥሩ።

ባለሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ይግዙና ራስዎ ይለኩ። እስከ 15 በመቶ ደህና ነው። ከ15 እስከ 20 ክትትል ይፈልጋል። ከ20 በላይ መከፈት አለበት፤ ከ30 ካለፈ እንጨቱ መበስበሱ አይቀርም። አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። ከግድግዳው ጀርባ ሚስማር ወይም ሽቦ ካለ ሐሰተኛ ከፍታ ያሳያል፣ በብርድ ቀን ላብ የያዘ ግድግዳም እንዲሁ። በየ30 ሴንቲ ሜትር እየለኩ ከግራው ጥግ ተመሳሳይ ቦታ ጋር ያነጻጽሩ። ዝናብ በጣለ ማግስት ይሂዱ፤ ሻጩም ማሞቂያ ከፍቶ እንዳይጠብቅዎ ቀድመው ይንገሩት። ሶፋውን አንስተው ከሥሩ ያለውን ሳጥን፣ የላይኛውን ቁም ሣጥን የውስጥ ጥግ፣ የጣሪያ መስኮቱን ዙሪያ፣ የጎማ ሽፋኑን ጎን ይመልከቱ። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ደህና ፕላይውድ አይነቃነቅም፤ የሞተው እንደራሰ ካርቶን ይጎደጉዳል። ሽቶ ወይም የናፍታሊን ሽታ ከተቀበለዎት ምን ለመሸፈን እንደሆነ ይጠይቁ።

ቁጥሩ 22 ላይ ብቻ ቆሞ ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ፣ ጥገናው ሐዲዱን አውልቆ አሮጌውን ማስቲክ መፋቅ፣ በአዲስ የቡቲል ማስቲክና በማይዝግ ብሎን መልሶ ማሰር፣ ውስጡንም አድርቆ በየወሩ መለካት ነው። ጣትዎ ከገባ ግን ፕላይውዱ ይነሣል፣ የበሰበሰው እንጨት ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፣ ከመዘጋቱም በፊት ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት መድረቅ አለበት። የሚያስከፍለው ዕቃው ሳይሆን የእጁ ሥራ ነው። ልስላሴው ከግማሽ ሜትር በላይ ተዛምቶ ካገኙት ይተዉት።

ወለሉ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ሲራመዱበት እየተንቋቋ ከሰመጠ፣ በፕላይውዶቹና በፎሙ መካከል ያለው ሙጫ ለቋል ማለት ነው። ይህ ያን ያህል አያስፈራም፤ ላዩ እየተበሳ ኢፖክሲ የሚባል የሚደርቅ ሙጫ በቀዳዳው ገብቶበት፣ ክብደት ተጭኖበት ይጠነክራል።

ያልተበላ ጎማ አያታልልዎት፤ የካራቫን ጎማ በቆመበት ያረጃል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ «1408» ካለ በ2008 14ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። አምስት ዓመት ከሞላው ይቀየር፣ ከሰባት ዓመት በላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሂዱበት። መንገድ ላይ ከፈነዳ ላስቲኩ የወለሉን ሥር ይቀዳድደዋል።

ብሪታንያ ውስጥ ካራቫን እንደ መኪና ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የለበትም፤ ስለዚህ ፍሬኑን ማንም አስገድዶ አላስመረመረውም። አልኮ የተባለው ኩባንያ የሠራው አክስል ካለው የአገልግሎት ደረሰኙን ያንብቡ። ከበሮውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ በተፈታ ቁጥር በአዲስ ይተካና በ290 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ደረሰኙ ላይ ሁለት አዲስ ዳዶ ከሌለ የፍሬን ሸራው ተከፍቶ መታየቱን እጠራጠራለሁ። በክሪክ አንሥተው ጎማውን ያሽከርክሩት፤ ኩሽኔታው ካንጎራጎረ ዋጋ ይቀንሱበት።

ሊብሬም የለውም። ከ1992 ወዲህ የተሠሩት የብሪታንያ ካራቫኖች አብዛኛው ክሪስ በተባለው የካራቫኖች መዝገብ ይገኛሉ፤ ባለ17 ፊደልና አሃዝ መለያ ቁጥሩ ሻንሲው ላይና መስኮቶቹ ላይ ተቀርጿል። አንዱ መስኮት ላይ እንኳ ከተፋቀ ጉዳዩን ያቁሙት። የተሰረቀ ወይም ያልተከፈለ ብድር ያለበት እንዳይሆን በዚያው መዝገብ አጣርተው፣ ሻጩ ቤት ሄደው ካዩት በኋላ ብቻ ይክፈሉ። የክሪስ ወረቀት በሕግ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለምና የግዢ ደረሰኝም ይያዙ።

ክብደቱን በተመለከተ፦ 1,350 ለ1,480 ሲካፈል 91 በመቶ ይሆናል። ለጀማሪ የሚመከረው 85 በመቶ፣ ማለትም 1,258 ኪሎ ነው። ይህ ሕግ ሳይሆን ምክር ነው፤ ሕጉ የሚመለከተው መኪናዎ ላይ የተጻፈውን የመጎተት ጣሪያ ነውና መጀመሪያ እሱን ያረጋግጡ። መጎተቻው ጋንቾ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከካራቫኑ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይሁን፤ ለእርስዎ ከ68 እስከ 94 ኪሎ መሆኑ ነው። መጎተቻው የሚችለው የክብደት ጣሪያ ከዚያ ካነሰ ዝቅተኛውን ይከተሉ። ከባዱን ዕቃ አክስሉ ላይ፣ መሬት አካባቢ ያኑሩ፤ ኋላ ከከበደ ካራቫኑ እንደ ጅራት ይወዛወዛል።

የ2008 ሞዴል ከሆነ የመብራቱ መሰኪያ ባለሰባት እግር ጥንድ ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ መኪና ባለ13 ከሆነ ማስማሚያ ይዘው ይሂዱ፣ ያለዚያ መብራቱን ሳይሞክሩ ይመለሳሉ።