«ዛፍ ልትሆኚ ነው?» ይለኛል ባለቤቴ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ልጄ ከስልኳ እያየች ዮጋ ትሠራለች። እኔንም «እማ፣ በአንድ እግሩ 10 ሰከንድ መቆም ያልቻለ ቶሎ ይሞታል ተብሏል» ብላ አስደንግጣ አስጀመረችኝ። የዛፍ አቋቋም የሚሉት ነው፤ በአንድ እግር ቆሞ የሌላውን መርገጫ ጭን ላይ ማሳረፍና እጅን ወደ ላይ መዘርጋት። እግሬ እስከ ጭኔ ስለማይደርስልኝ ጉልበቴ ላይ አሳርፈዋለሁ። ወደ ጣሪያው ቀና ስል ራሴን ያዞረኛል፤ ባለፈው ተንገዳግጄ ቡፌው ላይ ስደገፍ ብርጭቆው ሁሉ ተንኳኳ። ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜሽ ዛፍ ልትሆኚ ነው?» እያለ ቢስቅም ፈርቷል። የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ጾም ስለሆነ ጠዋት እህል ሳልቀምስ ነው የምሠራው። ልተወው ይሆን?

የአራት ኪሎዋ እናት

መልስ

ውድ እናታችን፣ አይተዉት። አሠራሩን ግን ይቀይሩ።

ልጅዎ የሰማችው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን ብራዚል ውስጥ ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን 1,702 ሰዎች የተከታተለ ነው፤ 10 ሰከንድ መቆም ያቃታቸው ላይ የሞት መጠኑ ከፍ ብሎ ታይቷል። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን አየ እንጂ አንዱ ሌላውን ያመጣል አላለም። በዚህ እናትን ማስደንገጥ ተገቢ አይመስለኝም። የሚያሳስበው መውደቅ ነው፤ ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ አጥንቷ ስለሚሳሳ፣ ቤት ውስጥ ተንሸራትቶ መውደቅ ዳሌ ሊሰብር ይችላል። ሚዛንን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የመውደቅ አደጋቸውን እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነው። ቁርጭምጭሚትንና የዳሌን ጡንቻም ያጠነክራል።

አሁን ወደ ጉልበትዎ። ጉልበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመታጠፍ እንጂ ከጎን ለመገፋት አልተፈጠረም፤ እዚያ ላይ ፈጽሞ እንዳያሳርፉ። ወይ ከጉልበት በታች ባት ላይ ያድርጉት፣ ወይም የእግርዎን ጣቶች መሬት ላይ ትተው ተረከዝዎን ብቻ ቁርጭምጭሚት ላይ ያስጠጉ። ይኸኛው እንደ ጀማሪ ቢቆጠርም እኔ ለእርስዎ የምመርጠው እሱን ነው።

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና ከመርገጫው በሚመጣው ስሜት ነው። ጣሪያ ሲያዩ ዓይንዎ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ጆሮዎም ከአንገትዎ ጋር ያዘነብላል። ስለዚህ ፊት ለፊት፣ በዓይንዎ ከፍታ ያለ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ይምረጡ፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ይበቃል። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጋጥሙ። ግፊት ላለበት ሰው እጅን ሽቅብ ዘርግቶ መቆየትም ሆነ ትንፋሽ መያዝ አይመከርም።

ከቡፌው ይራቁ፤ ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ። ማኅሌት የሚቆሙ አባቶች መቋሚያ ይዘው አይደል የሚያድሩት? ግድግዳ መያዝም ነውር የለውም። ሴራሚክ ላይ በካልሲ አይሞክሩት፣ ወለሉ ከተወለወለ በኋላም እስኪደርቅ ይጠብቁ። ባዶ እግር ይሻላል። 10 ሰከንድ ከበቃዎት ይበቃል፤ ቀስ በቀስ ወደ 30 ያድጋል፤ ሁለቱንም እግር እኩል ያሠሩ።

በጾም ወቅት ሰዓቱን ከምግብ በኋላ ያዙሩት፤ ግን ከማዕድ እንደተነሱ ሳይሆን ትንሽ ቆይተው። ባዶ ሆድና የግፊት ኪኒን አንድ ላይ ሆነው ማዞራቸው አያስገርምም። ሆኖም ማዞሩ ከአልጋ ወይም ከወንበር ሲነሱም ካለ፣ ጉዳዩ ከዮጋው አልፏል፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም እንዲለኩዎት ይጠይቁ። ኪኒኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። እስኪታዩ ድረስ ልምምዱን ሰው ባለበት ብቻ ይሥሩ፤ ማዞሩ ከጀመረ ወዲያው ይቀመጡ።